ባላጋራን ማንበብ

በከተማችን ጌም ቤቶች አንድ ልጅ ጓደኞቹን ተራ በተራ እያሸነፈ ከወንበሩ አልነሣ ሲል የሚሰጠው ሙገሳ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ «እጁ ፈጣን ነው» ይባላል። ተሸናፊውም በዚሁ ይጽናናል። እጅ የተፈጥሮ ስጦታ ነውና ፈጣን እጅ ያልተሰጠው ሰው ምን ይደረጋል? እኔ ግን ይህን ሙገሳ በሰማሁ ቁጥር ጥሩ ልቦለድ የጻፈን ደራሲ «የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል» ብሎ እንደ ማመስገን ይሆንብኛል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ እጅ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ከእጅ በፊት ዐይን አለ፤ ከዐይን በፊት ደግሞ አበው «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» ሲሉ የጠቆሙት ነገር አለ።

የሂስ ዓምዶቻችን ልቦለድን፣ ቴአትርን፣ ሥዕልንና ሙዚቃን ይመዝናሉ። እግር ኳስም ቢሆን የራሱ ጸሐፊዎችና የራሱ ቋንቋ አለው። ቪዲዮ ጌም ግን በወላጆች ስሞታ ወይም በዕቃ ማስታወቂያ መልክ ካልሆነ በቀር ብዙም አይነሣም። በእኔ እምነት ይህ ዝምታ ዋጋ ያስከፍለናል። ልጆቻችንና ታናናሽ ወንድሞቻችን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉበትን ነገር ሳናየው ስንኮንነው፣ የሚኮነነውንም የሚመሰገነውንም ለይተን መናገር ያቅተናል።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው የድብድብ ጌም የሚባለውን ዘርፍ ነው። የምመዝነውም በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሥዕል ሳይሆን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሐሳብ ለመቅደም የሚያደርጉትን ትግል ነው። የዚህ ጨዋታ ሊቃውንት ባላጋራቸውን ሲረቱ «አነበብኩት» ይላሉ። ጃፓኖች ለዚህ «ዮሚ» የሚል ቃል አላቸው፤ ትርጉሙም ንባብ ነው። ለመሆኑ ይህ ንባብ የሚሉት ነገር እውነት አለ? ወይስ ዕድል የቀናው ሰው ለዕድሉ የሚያወጣለት የክብር ስም ነው?

ጌሙን አንድም ቀን ነክቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 «ስትሪት ፋይተር 2»ን ለሕዝብ ሲያቀርብ ዛሬ የምናውቀው የድብድብ ጌም መልኩን ያዘ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ተፋላሚዎች በአንድ ስክሪን ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከራሳቸው በላይ የቀረላቸውን ዕድሜ የሚለኩ ሁለት መስመሮች አሉ። ምት ባረፈ ቁጥር መስመሩ ያጥራል፤ ቀድሞ ያለቀበት ይሸነፋል። የተመደበው ሰዓት ካለቀ ደግሞ የበለጠ የቀረው ያሸንፋል።

ከዚህ ቀላል መልክ ሥር አንድ ሦስት ማዕዘን አለ። ባላጋራው አጠገብ የደረሰ ተጫዋች በመሠረቱ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል፤ ይመታል፣ ይከላከላል፣ ወይም ባላጋራውን ይዞ ይጥላል። የሚከላከል ሰው የሚመታውን ያለፋዋል፤ ነገር ግን እንደ ቆመ ተይዞ ይጣላል። ይዞ ለመጣል የተጠጋውን ደግሞ ቀድሞ የተሰነዘረ ምት ይቀጣዋል። እያንዳንዱ ምርጫ አንዱን ያሸንፋል፤ በሌላው ይሸነፋል። ሁሉን የሚረታ ምርጫ የለም። የጌሙ ሠሪዎች ትልቁ ጥበብ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

«ታዲያ የሚያደርገውን አይቶ መመለስ ነው!» የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ነው የጊዜ ነገር የሚመጣው። ጌሙ አንዱን ሰከንድ 60 ቦታ ይቆርጠዋል። ፈጣን የሚባለው ጡጫ ከተሰነዘረ በሦስት ወይም በአራት ቁራጭ ጊዜ ውስጥ ያርፋል። የሰው ልጅ በዐይኑ ያየውን ተረድቶ ጣቱን ለማንቀሳቀስ ግን ቢያንስ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ማለትም 12 ቁራጭ ገደማ፣ ይፈጅበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጡጫ አይቶ የሚከላከል ሰው የለም፤ ባየው ጊዜ ተመቷል። ዝላይንና ቀርፋፋ ምትን አይቶ መመለስ ይቻላል። በቅርብ ርቀት ላይ ግን ዐይን አርፋጅ ነው፤ ውሳኔው ነገሩ ከመሆኑ በፊት መወሰን አለበት። «እጁ ፈጣን ነው» የሚለው ሙገሳ የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። ከሰው አቅም በላይ ለሆነ ፍጥነት መድኃኒቱ ሌላ ፍጥነት ሊሆን አይችልም።

ተጠራጣሪው አንባቢ በዚህ ጊዜ «እንዲህማ ከሆነ ነገሩ ሳንቲም ከመወርወር በምን ይለያል?» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። የሒሳብ ሊቃውንትም ለጊዜው ከእሱ ጎን ይቆማሉ። ጆን ፎን ኖይማን በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሁለት ሰዎች የሚጋጠሙበትና የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ የሆነበት ጨዋታ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አስተማማኝ ስልት እንዳለው አረጋገጠ። ያም ስልት ብዙ ጊዜ አንዱን ምርጫ ሙጭጭ ብሎ መያዝ ሳይሆን ምርጫዎቹን በተወሰነ መጠን ማደባለቅ ነው። መምታትን፣ መከላከልንና ይዞ መጣልን በትክክለኛው መጠን፣ ግን ያለ ምንም ሥርዓት የሚያደባልቅ ተጫዋች ቢገኝ ማንም ሊያነበው አይችልም። የተጻፈበት ነገር የለምና።

ችግሩ እንዲህ ያለ ሰው አለመኖሩ ነው። ክሎድ ሻነን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1953 ቤል በተባለው የምርምር ተቋም ሳለ «ሐሳብ አንባቢ» የሚል ስም የሰጣትን ትንሽ ማሽን ሠርቶ ነበር። ሰውየው ከሁለት ነገር አንዱን ይመርጣል፤ ማሽኗ ምርጫውን አስቀድማ ለመገመት ትሞክራለች። የምታስታውሰው እጅግ ጥቂት ነገር ነው። ይህ ሰው ሲያሸንፍ የቀድሞውን ምርጫ ይደግማል ወይስ ይለውጣል? ሲሸነፍስ? ከዚህች ጥቂት ትውስታ ተነሥታ ማሽኗ ሰዎችን ከግማሽ ጊዜ በላይ ትረታ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ! ማሽኗ ስለ ሰውየው ነፍስ የምታውቀው አንዳች ነገር የለም። የምታውቀው ሰው ሲደሰት እንዴት እንደሚሆን፣ ሲናደድ እንዴት እንደሚሆን ብቻ ነው። እሱም በቃት።

በድብድብ ጌም ውስጥ ደግሞ ከሳንቲም የሚለይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የመሳሳት ዋጋ እኩል አይደለም። ተይዞ መጣል ጥቂት ዕድሜ ሊያስከፍል ይችላል፤ በተሳሳተ ጊዜ ምት ሰንዝሮ መክሸፍ ግን ግጥሚያውን ሊያስበላ ይችላል። ዋጋቸው የተለያየ በመሆኑ እያንዳንዱ ተጫዋች ከሌላው አብልጦ የሚፈራው ነገር ይኖረዋል። ፍርሃት ደግሞ ልማድን ይወልዳል። አንዱ ወድቆ በተነሣ ቁጥር ሳያስበው ጡጫ ይሰነዝራል። ሌላው ጥግ ላይ ሲያዝ ሁልጊዜ ይዘላል። ሦስተኛው ደግሞ ብልጫ ባገኘ ማግስት ይሸሻል። በቃል ቢጠየቁ «የለም፣ እኔ እንደዚያ አላደርግም» ይላሉ። ጨዋታው ግን ያጋልጣቸዋል።

ብልህ ተጫዋች ልማዱ እስኪገለጥለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ራሱ ያስተምረዋል። ተጠግቶ ይመታል። እንደገና ተጠግቶ ይመታል። ባላጋራው «ሲጠጋ ይመታል» የሚለውን ትምህርት ይቀስምና መከላከል ይጀምራል። በሦስተኛው ተጠግቶ አይመታም፤ ይዞ ይጥለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምቶች ከጎዱት ይልቅ ያስተማሩት በለጠ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። የእግር ጨዋታውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ተፋላሚዎች ምት ከሚደርስበት ርቀት ጥቂት ወጣ ብለው ወደፊትና ወደኋላ ሲሉ ለማያውቅ ሰው ምንም ያልተከሰተ ይመስለዋል። ለሚያውቅ ግን ከግጥሚያው ሁሉ በጣም የሚያስጨንቀው ሰዓት ያ ነው። አንዱ የሌላውን ምት በከንቱ አስወርውሮ ለመቅጣት አንዲት እርምጃ ያበድረዋል።

እንግዲህ ለመነሻው ጥያቄ በበኩሌ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ንባብ የሚባለው ነገር አለ፤ ግን ትንቢት አይደለም። አንባቢው ተጫዋች የባላጋራውን ሐሳብ ከሩቅ የሚያይ ጠንቋይ አይደለም። የሚሠራው ሥራ ማጥበብ ነው። የባላጋራውን ምርጫዎች አንድ በአንድ እያስፈራ፣ እያባበለ፣ መንገድ እየዘጋ ይቀንስና በመጨረሻ ለሚቀረው አንድ በር ቆሞ ይጠብቃል።

ይህን አስተያየት በአንድ ታዋቂ ግጥሚያ ላይ እንፈትነው። ኢቮ የሚባለው ውድድር በ1996 በካሊፎርኒያ 40 ያህል ሰዎች ተሰብስበው የጀመሩት ሲሆን በኋላ የድብድብ ጌም ተጫዋቾች ዋነኛ የዓለም መድረክ ሆነ። በ2004 ኦገስት ውድድሩ በፖሞና ከተማ፣ በካሊፎርኒያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ይካሄድ ነበር። ጌሙ በ1999 የወጣው «ስትሪት ፋይተር 3፦ ሰርድ ስትራይክ» ነው። በአንድ በኩል የኒውዮርኩ ጀስቲን ዎንግ፣ በሌላ በኩል ጃፓናዊው ዳይጎ ኡመሃራ ተቀምጠዋል። አሸናፊው ለፍጻሜ ያልፋል። ዎንግ ቹን-ሊ የተባለችውን ተፋላሚ፣ ኡመሃራ ኬንን ይዘዋል። ዎንግ በትዕግሥቱ የታወቀ ነው፤ ብልጫ ከያዘ ባላጋራው ወደ እሱ እስኪመጣ የሚጠብቅ ዓይነት ተጫዋች።

ግጥሚያው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የኬን የዕድሜ መስመር ከክር የማይበልጥ ቀርቶታል። አንባቢ የጌሙን አንድ ሕግ ይወቅልኝ። ተራ ምትን የተከላከለ ሰው አይጎዳም፤ ልዩ የሚባሉትን ምቶች የተከላከለ ግን ጥቂት ይቀነስበታል። ክር ለቀረው ሰው ያ ጥቂት ሞት ነው። ስለዚህ ኡመሃራ መከላከል አይችልም። መሸሽም አይችልም፤ ሰዓቱ ካለቀ ይሸነፋል። ዎንግ ደግሞ 15 ርግጫዎችን አከታትሎ የሚያዘንብ ታላቅ ምት አጠራቅሞ ይዟል። ቢመታው ያልቃል፣ ቢከላከለውም ያልቃል። ከተመልካቹ መካከል አንዱ «በል ጀስቲን!» ሲል ይጮኻል። ዎንግም ለቀቀው።

ይህ ጌም ከመከላከል ሌላ አንድ ልዩ መውጫ አለው፤ ማክሸፍ ልበለው። ለመከላከል ጆይስቲኩን ወደኋላ፣ ከምቱ ወዲያ መሳብ ያስፈልጋል። ለማክሸፍ ግን ምቱ ሊያርፍ ሲል ወደፊት፣ ወደ ምቱ መግፋት ነው። በትክክለኛዋ ቅጽበት ከገፉ ምንም አይቀነስም፤ ከሳቱ ያለ መከላከያ ይመታሉ። ኡመሃራ የመጀመሪያውን ርግጫ አከሸፈ። ሁለተኛውን አከሸፈ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን... እስከ 15ኛው። የመጨረሻዋን ደግሞ ዘሎ በአየር ላይ አክሽፎ ሲወርድ በተከታታይ ምቶች መለሰና ቹን-ሊን ጣላት። አዳራሹ አበደ። የዚያች ቅጽበት ቪዲዮ «37ኛው ቅጽበት» በሚል ስም ዓለምን ዞረ። ቁጥሩ እንዲያው በዘፈቀደ የተሰጠ ነው፤ ከእሱ በፊት የተቆጠሩ 36 ቅጽበቶች የሉም።

ሕዝቡ የሚያደንቀው ምኑን ነው? አሥራ አምስቱን። እኔ ግን አሥራ አራቱ ከአንዱ ያነሱ ናቸው ባይ ነኝ። ከሁለተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ያለው የምት ልክ የታወቀ ነው፤ ቹን-ሊ በዚያ ታላቅ ምት በረገጠች ቁጥር የሚመታው ከበሮ አንድ ነው። ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በልምምድ ሊጠና ይችላል፤ እንደ ጥሩ ዜማ በቃል ይያዛል። የመጀመሪያው ርግጫ ግን በቃል አይያዝም። ታላቁ ምት ሲለቀቅ ስክሪኑ ለአፍታ ይቆምና ወዲያው ያርፋል። አይቶ ለመወሰን የሚበቃ ጊዜ የለም። ዎንግ በለቀቀባት ቅጽበት የኡመሃራ እጅ ወደፊት ለመግፋት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መሆን አለበት።

እንዴት አወቀ? እዚህ ላይ ነው የማጥበብ ነገር ግልጥ የሚለው። ያ ቀጭን ክር ኡመሃራን ብቻ ሳይሆን ዎንግንም አስሮታል። ባላጋራው ሙሉ ዕድሜ ቢኖረው ኖሮ ዎንግ አሥር ዓይነት ነገር ሊያስብ ይችል ነበር። ክር ሲቀረው ግን አንዱ መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ አበራ። ማንም ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ዐይኑ ወደዚያ ይሄዳል። ኡመሃራ «ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ ሁኔታው ራሱ መለሰለት፤ የቀረው «መቼ?» የሚለው ብቻ ነበር። ሆን ብሎ ራሱን አላደከመም፤ እየተሸነፈ ነበር። ነገር ግን ምንም ያልቀረው ሰው አንድ ሀብት እንዳለው ዐወቀ። የባለጸጋውን ቀጣይ እርምጃ ያውቃል። ብዙ ያለው ሰው በቀላሉ የሚነበብበት ሰዓት ሊጨርስ ሲቸኩል ነው። ዎንግ መጠበቅ ይችል ነበር፤ የታወቀበትም ትዕግሥቱ ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ከራሱ ልማድ ወጥቶ ሁሉም ሰው የሚጠብቀውን ሰው ሆነ።

ሌላው የሚያስደንቀኝ የመጨረሻዋ ዝላይ ናት። ኡመሃራ 15ኛዋን ርግጫ መሬት ላይ ቆሞ ሊያከሽፍ ይችል ነበር። በአየር ያደረገው ሲወርድ በዝላይ ምት ጀምሮ የሚመልሰው መልስ እንዲከብድለት ነው። ይህ ማለት ሞት በየቅጽበቱ አፍንጫው ላይ እያረፈ እሱ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ያስብ ነበር ማለት ነው። ድንገተኛ ተአምር ብለው የሚያሞግሱት ሰዎች ይህን ሐሳብ ይሰርቁበታል።

ስለዚያ ቪዲዮ አንድ ቅሬታም አለኝ። ቁራጩ ሁልጊዜ በጩኸቱ ያበቃል። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ኡመሃራ ያን ግጥሚያ አሸንፎ ወደ ፍጻሜ ካለፈ በኋላ በሀገሩ ልጅ በኬንጂ ኦባታ ተሸነፈ። የዓመቱ የ«ሰርድ ስትራይክ» ባለ ድል ኦባታ ነው። ስንቱ ተመልካች ይህን ያውቃል? ልብ ወለድ ቢሆን ደራሲው እዚያው ይጨርሰው ነበር። ጨዋታ ግን እንደ ሕይወት ነው፤ ከትልቁ ቅጽበት በኋላ ሌላ ባላጋራ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እኔ ተሸናፊነቱን ሲያክሉበት ግጥሚያው የሚያንስ አይመስለኝም። አንድን ሰው ማንበብ ሁሉን ሰው ማንበብ እንዳልሆነ ያስተምራልና ይልቁንም ይጎላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የባላጋራን ልማድና ፍርሃት እያደኑ ማሸነፍ ጨዋነት ነው? በጌም ቤቶች ልጆች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ ሰምቻለሁ፤ «መጣል የለም»፣ «ጥግ ይዞ መምታት የለም»፣ «አንድ ምት መደጋገም የለም» ይባባላሉ። በዚህ ላይ ሁለት መጻሕፍት ይጋጫሉ። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ተጫዋችና የጌም ሠሪ ዴቪድ ሰርሊን በ2000ዎቹ አጋማሽ ያሳተመው «ለማሸነፍ መጫወት» ነው። ሰርሊን ጨካኝ ነው። ጌሙ የፈቀደው ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ በራሱ ላይ ተጨማሪ ሕግ አውጥቶ ሲሸነፍ «ክብር የለህም» የሚል ሰው ጌሙን ገና አልጀመረውም ይላል። ንባብም ደርብ አለው ይላል። ምት አለ፣ ማርከሻ አለ፣ የማርከሻው ማርከሻ አለ፤ ከዚያ ላይ ሲወጡ ግን ተመልሰው መጀመሪያው ምት ላይ ይገኛሉ። ደርቡ እስከ ሰማይ አይሄድም፤ ይዞራል።

ሁለተኛው ኡመሃራ ራሱ በ2012 በጃፓን ያሳተመው ነው፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አሸናፊ ሆኖ የመዝለቅ ጽናት» ሊባል ይችላል። ኡመሃራ ከ2004 በኋላ ጌሙን ትቶ የማህጆንግ ተጫዋች ለመሆን ሞክሯል፤ ከዚያም አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ተቀጥሮ ሠርቷል። ተመልሶ ሲመጣ በ2009 በኢቮ የ«ስትሪት ፋይተር 4» ፍጻሜ ላይ ያገኘው ያንኑ ጀስቲን ዎንግን ነው፤ አሸነፈውም። መጽሐፉ ግን የፉከራ መጽሐፍ አይደለም። ማሸነፍና አሸናፊ ሆኖ መዝለቅ የተለያዩ ናቸው ይላል። የአንድን ባላጋራ ድክመት እያሳደዱ ማሸነፍ ለዛሬ ይበቃል፤ ራስን ግን አያሳድግም ባይ ነው።

ማንኛው ልክ ነው? በእኔ ፍርድ ሰርሊን ስለ ሕጉ ልክ ነው። «መጣል የለም» የሚለው ልጅ ሦስት ማዕዘኑን አንድ እግር ሰብሮበታል። ይዞ መጣል ከሌለ መከላከል ሁልጊዜ ያዋጣል፤ መከላከል ሁልጊዜ ካዋጣ ደግሞ የሚነበብ ሐሳብ አይኖርም። በክብር ስም ጨዋታውን ገድሎታል። የሰርሊን መጽሐፍ ግን ከድል በኋላ ስላለው ቀን ዝም ይላል። ኡመሃራ የሚያስበው ስለዚያ ቀን ነው። የሌላውን ልማድ ሲያድን የኖረ ሰው የራሱ ማደን ልማድ ይሆንበትና በተራው ይነበባል። ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ማንበብ እንጂ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያዋጣም።

የመነበብ ነገር ከተነሣ የፓኪስታኑን ልጅ ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በ2019 ፌብሯሪ በጃፓን ፉኩኦካ በተካሄደው ኢቮ ላይ አርስላን አሽ የሚባል የላሆር ወጣት ለ«ቴከን 7» ውድድር ቀረበ። በቪዛና በአውሮፕላን ጉዞ ችግር ተንገላቶ ነበር የደረሰው። ዓለም አያውቀውም ነበር። አሸነፈ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላስ ቬጋስ ሄዶ ዋናውንም ኢቮ አሸነፈ፤ በፍጻሜው የረታው ከዘርፉ ታላላቆች አንዱ የሆነውን ደቡብ ኮሪያዊውን ኒን ነው። አርስላን ሲጠየቅ በሀገሩ ከእሱ የማያንሱ ሌሎች ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ብዙዎች ትሕትና መስሏቸው ነበር። አቲፍ ባት የተባለው ሌላው ፓኪስታናዊ የ2022ን የቴከን የዓለም ዙር ፍጻሜ ሲያሸንፍ እውነቱን እንደነበር ታወቀ።

ለእኛ ሀገር አንባቢ የቪዛውን ነገር ማብራራት አያሻም፤ የኤምባሲ ደጃፍን እናውቀዋለን። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ወገን ነው። እነዚያ ልጆች ለዓመታት እርስ በርሳቸው ሲነባበቡ ኖረዋል፤ ውጭ ያለው ዓለም ግን አላነበባቸውም። የኮሪያና የጃፓን ሊቃውንት የእርስ በርስ ልማዳቸውን በቪዲዮ አጥንተው ጨርሰዋል። የላሆሩን ልማድ ግን የመዘገበው የለም። ለመውጣት እንቅፋት የሆነው ዝግ በር፣ ወጥተው በተገኙ ዕለት ጋሻ ሆናቸው። ይሁን እንጂ ይህ ጋሻ አንድ ጊዜ ነው የሚያገለግለው። ኒም ይህ ስለገባው ወደ ፓኪስታን ድረስ ሄዶ ከሀገሬው ልጆች ጋር ተጫውቷል። አርስላን ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ማሸነፉ ነው እንግዲህ የሚያስመሰግነው። ያልታወቀ ሰው ሆኖ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፤ ታውቆ፣ ተጠንቶ፣ ተነቦ ማሸነፍ ሌላ ነው።

ሂስ ነቀፋንም ስለሚጨምር የዘርፉን ጉድለት ሳልጠቅስ አላልፍም። እነዚህ ጌሞች ሰውን ማንበብ የሚያስተምሩ ቢሆኑም ራሳቸው ሀገርን ማንበብ አይችሉም። በ«ስትሪት ፋይተር 2» ሕንዳዊው አንገቱ ላይ የራስ ቅል አንጠልጥሎ እሳት ይተፋል፤ የብራዚሉ ተፋላሚ አረንጓዴ አውሬ ነው። በ1997 በተከታዩ ጌም የመጣችው የጎረቤታችን የኬንያዋ ኤሌና እንኳ የምትፋለመው በብራዚሉ ካፖኤራ ነው። ሴቶቹ በአመዛኙ ለወንድ ዐይን ተብለው የተሣሉ ናቸው። ታሪካቸውን ለማንበብ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ትርፍ አያገኝም። ልጁን ከጌም ቤት የሚያስቀር ወላጅ በዚህ በኩል ያለው ስጋት መሠረት የለውም አልልም።

ነገር ግን ወላጁ ከስክሪኑ ላይ ዐይኑን አንሥቶ ወንበሩ ላይ ወደ ተቀመጡት ሁለት ልጆች ቢመለከት ሌላ ነገር ያያል። አንዱ ከተሸነፈ በኋላ ጆይስቲኩን ሳያቀብል ለአፍታ ዝም ይላል። የተመታበትን ሳይሆን «ለምን ዘለልኩ?» የሚለውን እያሰበ ነው። በሚቀጥለው ተራው ወደ ጥግ ሲገፋ አይዘልም። ሰውየው እዚያ ቆሞ የሚያየው አንድ ልጅ የራሱን ልማድ በራሱ ዐይን ሲያይ ነው፤ ትልልቅ ሰዎች እንኳ ይህን ለማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈጅብናል። ጨዋታው ሲያልቅ ስለ ፈጣን እጅ የሚወራውን ትቶ «የመጨረሻዋን ምት እንዴት ዐወቅህበት?» ብሎ ልጁን ይጠይቀው። ልጁ የሚመልሰው መልስ ይኖረዋል።